ከደኅናው ወደ ታመመው
(ሁለት እኅትማማቾች ስለ ዱር ጥበቃ ያስተማሩት ትምህርት)

መግቢያ

አንድ ዱር በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው በግልጥ የሚታየው ነው፤ መጥረቢያ ይነሣበታል፣ ይመነጠራል፣ ቤት ወይም መንገድ ይሠራበታል። ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። ዛፉ እንደ ቆመ፣ አጥሩም እንደ ታጠረ፣ ባዕድ አረም ከሥር ገብቶ ቡቃያውን ያንቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች በዕድሜያቸው ሲወድቁ የሚተካቸው ልጅ አይገኝም። የመጀመሪያውን ጥፋት ለመቃወም ድፍረትና ኅብረት ያሻል። ሁለተኛውን ለመቋቋም ግን ከዚያ የተለየ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ትዕግሥትና የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

በዚህ ጽሑፍ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ ደመወዝ ሳይቆረጥላቸው የሰፈራቸውን ዱር የጠበቁ ሰዎችን ሥራ እንመለከታለን። የምንጠይቀውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ገንዘብም ሥልጣንም የሌለው የሰፈር ሰው አንድን ዱር ከነእንስሳቱ ሊያድን ይችላልን? ከቻለስ ሥራውን ከየት ይጀምር? (ዓ.ም. ብለን ከጻፍነው በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሀ/ ስለ አገሩና ስለ ዱሩ

ሲድኒ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ በባሕር ወሽመጥ ዙሪያ የተቈረቈረች ታላቅ ከተማ ናት። መሬቷ በብዙ ቦታ አሸዋማ ድንጋይ በመሆኑ ለእርሻ አይመችም፤ በገደሉና በሸለቆው ላይም ቤት መሥራት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ በመንደሮቹ መካከል ብዙ የዱር ቁራጮች ሳይነኩ ቀሩ። የዚህ ዱር ዋነኞቹ ዛፎች የባሕር ዛፍ ወገኖች ናቸው። እኛ ባሕር ዛፍ ስንል ቀይና ነጭ ብለን ሁለት ዓይነት ብቻ ያለው ይመስለናል፤ ነገር ግን ከ700 በላይ ዓይነት ሲኖረው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የአውስትራሊያ ተወላጆች ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍም መነሻው ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያና የታዝማንያ ደሴት ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ እንግዳ የሆነው ዛፍ በእነርሱ ዘንድ አገር በቀል ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ወደ መጨረሻው ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበል።

በዚህ ዱር ልጆቻቸውን በሆዳቸው ከረጢት የሚያሳድጉ ትንንሽ እንስሳት ይኖራሉ። ባንዲኩት የተባለው ሌሊት ሌሊት አፈሩን እየጫረ ትልና ሥራ ሥር ይለቅማል። ፖሰም የተባለው ደግሞ በዛፍና በቍጥቋጦ ላይ ጎጆውን ሠርቶ ቅጠልና አበባ ይመገባል። ልዩ ልዩ ወፎችም አሉ። እነዚህ ሁሉ የለመዱት ምግብና መጠለያ ከአገር በቀሉ ዕፅዋት የሚገኝ ስለሆነ ዱሩ ሲበላሽ እነርሱም አብረው ይጠፋሉ።

ለ/ ከውጭ የመጣው ጥፋት፤ የኬሊ ዱር

በሲድኒ ሀንተርስ ሂል በሚባል ሰፈር፣ ከወንዝ ዳር፣ የኬሊ ዱር የሚሉት ወደ 5 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ አለ። ቀድሞ በአጠገቡ የነበረ የማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበረ ዱሩ ሳይመነጠር ኖሯል። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ የቤት ሥራ ኩባንያ በቦታው መኖሪያ ቤቶችን ሊሠራ ተነሣ። በ1970 የሰፈሩ 13 ሴቶች ተሰብስበው ዱሩን ለማዳን ማኅበር አቆሙ። ብዙዎቹ የቤት እመቤቶች ነበሩ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ከሹማምንት ደጅ ጠኑ፤ አልሆነላቸውም።

በመጨረሻ ማንም ያልጠበቀውን በር አንኳኩ። በፖለቲካ አመለካከቱ ከእነርሱ እጅግ የራቀውን የሕንፃ ሠራተኞች ማኅበር እርዳታ ጠየቁ። የማኅበሩ መሪ ጃክ መንዲና ጓደኞቹ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንዲያረጋግጡላቸው ፈለጉ፤ ይህ የጥቂት ሴቶች ሐሳብ ነው ወይስ የሰፈሩ ሁሉ? ሴቶቹም ሕዝባዊ ስብሰባ ጠሩ፤ ወደ 600 ሰው መጣ። ከዚህ በኋላ በ1971 ሠራተኞቹ በዚያ ዱር ላይ አንድም ድንጋይ አንጥልም አሉ። እንዲህ ያለው የሥራ እገዳ በኋላ “አረንጓዴ እገዳ” የሚል ስም ወጣለት፤ የኬሊ ዱርም የመጀመሪያው ሆነ። ክርክሩ ብዙ ዓመት ከፈጀ በኋላ በ1983 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ለሕዝብ መዝናኛ እንዲሆን ወሰነ። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው የአባቶቻችን ቃል እዚህ ላይ በሥራ ታየ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። መሬቱ ከተገዛ በኋላም አረሙ አልጠፋም ነበርና ዛሬም በጎ ፈቃደኞች እየሄዱ የኬሊን ዱር ያርማሉ። ድል የተገኘበት ቀን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም።

ሐ/ ከውስጥ የሚበላው ጥፋት

አረም ማለት ምንድን ነው? ገበሬ ከሰብሉ መካከል ያልዘራው ሁሉ አረም ነው ይላል። በዱር ግን ነገሩ ይለያል፤ አረም የምንለው ከሌላ አገር መጥቶ፣ በትውልድ አገሩ የሚበሉትን ነፍሳትና የሚያደክሙትን በሽታዎች ጥሎ፣ በአዲሱ ቦታ ከልክ በላይ የሚባዛውን ተክል ነው። ከእነዚህ አንዱ ላንታና ነው። በእኛ አገር የወፍ ቆሎ ተብሎ የሚታወቀው፣ ቢጫና ሮዝ አበባ የሚያወጣው እሾሃም ቍጥቋጦ ማለት ነው። ትውልዱ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አውስትራሊያ የገባው በ1840ዎቹ ለአትክልት ቦታ ጌጥ ተብሎ ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየዱሩ ጣሉት። እርሱም ሥር ሰድዶ፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ አገር በቀሉን ቡቃያ ብርሃን ነሣው።

የአረሙ ብርታት ከሰዎች አኗኗርም የመጣ ነው። የሲድኒ አሸዋማ አፈር ማዳበሪያነት ያላቸው ንጥረ ነገሮች ያንሱታል፤ አገር በቀሎቹ ተክሎች ግን ይህን ድህነት ለምደውታል። ከቤቶች የሚወርደው ጎርፍ፣ ከጓሮ የሚጣለው ቆሻሻና የአትክልት ጥራጊ አፈሩን ሲያወፍረው የሚጠቀመው አረሙ ነው። ስለዚህ ዱሩ በብዛት የሚታመመው ከዳር፣ ከቤቶቹና ከመንገዱ በኩል ነው፤ መካከሉ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቆያል።

መ/ ሁለቱ እኅትማማቾች

አይሊን ብራድሊና ጆአን ብራድሊ በሲድኒ ሞስማን በሚባል ሰፈር የሚኖሩ እኅትማማቾች ነበሩ። ጆአን የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበሩ። በቤታቸው አቅራቢያ ባለው የባሕር ዳር ዱር በየቀኑ በእግራቸው ይንሸራሸሩ ነበር። ቦታው ብራድሊስ ሄድ ይባላል፤ ስሙ ግን የተሰጠው በ1788 ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ጋር ለመጣ ዊልያም ብራድሊ ለሚባል የባሕር ኃይል መኮንን እንጂ ለእኅትማማቾቹ አይደለም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ነገር አስተዋሉ። አረም የበዛበት ቦታ ተመንጥሮ ሲጠረግ ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን አረሙ ከቀድሞው ይልቅ በርትቶ ይመለሳል። እነርሱ ደግሞ በመንገዳቸው ሲያልፉ ከደኅናው ዱር መካከል አልፎ አልፎ የበቀለውን አረም በእጃቸው እየነቀሉ ያለፉበት ቦታ ንጹሕ እንደ ሆነ ይቆይ ነበር። ምክንያቱ ምን ይሆን ብለው ዓመታት አጠኑ። መሣሪያቸውም በእጅ የሚያዝ ትንንሽ ነገር ነበር። አይሊን በ1976፣ ጆአን በ1982 አረፉ፤ ዘዴውን በዝርዝር የሚያስረዳው የጆአን መጽሐፍ የታተመው ካረፉ በኋላ በ1988 ነው።

ሠ/ ሦስቱ ሕግጋት

የእኅትማማቾቹ ትምህርት በሦስት ሕግጋት ይጠቃለላል።

1ኛ/ ከደኅናው ወደ ታመመው ሂድ። ሰው ወደ ዱር ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው አረሙ እጅግ በከፋበት ቦታ ላይ ነው፤ እጁም ወደዚያ ይቸኩላል። እነርሱ ግን መጀመሪያ እጅግ ደኅና የሆነውን ቦታ ፈልጉ፤ በመካከሉ የበቀሉትን ጥቂት አረሞች ንቀሉና እንዳይበላሽ ጠብቁት ይላሉ። ቀጥሎ በጥቂቱ ወደ ተበላሸው፣ በመጨረሻም በጥንቃቄ እጅግ ወደ ከፋው። ምክንያቱ ግልጥ ነው። በደኅናው ቦታ የአገር በቀሉ ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ እናት ዛፎቹም በአጠገቡ ቆመው ስለሚገኙ አረሙ የተነቀለበትን ክፍት ቦታ ፈጥነው ይሞሉታል። በከፋው ቦታ ግን ከአፈሩ የሚነሣው የአረሙ ዘር ነው።

2ኛ/ አፈሩን አታውክ። አፈር በተገላበጠ ቍጥር ተቀብሮ የኖረው የአረም ዘር ብርሃን አግኝቶ ይነቃል። ስለዚህ አረሙ ሲነቀል ሥሩ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ የተገለጠው አፈርም በራሱ በዱሩ የረገፈ ቅጠል ተመልሶ ይሸፈናል። ደረቅ ቅጠሉ የአፈሩ ልብስ ነው፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ከጎርፍ ያድነዋል።

3ኛ/ የሥራውን ፍጥነት ዱሩ ይወስን። አገር በቀሉ ቡቃያ የተነቀለውን ቦታ ሳይሸፍን ወደሚቀጥለው አትሂድ። ሠራተኛው ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ እጅም ምንም ያህል ቢበዛ፣ ቡቃያው ከሚያድግበት ፍጥነት በላይ መሄድ ለአረሙ አዲስ መሬት ማዘጋጀት ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ከሦስቱ እጅግ የሚከብደው ይህ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጅን ያስተምራሉ፤ ይህ ግን የሚያስተምረው ልብን ነው። ሰው የደከመበትን ሥራ ወዲያው ማየት ይወዳል፤ በአንድ ቀን የተመነጠረ ኮረብታ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሁለት ክንድ የማይሞላ የጸዳ መሬት ግን ማንም አያየውም። እኅትማማቾቹ የመረጡት ይህን የማይታየውን ነው።

ረ/ ስለ እንስሳቱና ስለ ዘዴው ወሰን

አረሙ ክፉ ከሆነ በአንድ ጊዜ ቢጠፋ ለእንስሳቱ መልካም አይደለምን የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አገር በቀሉ ቍጥቋጦ በጠፋበት ቦታ ትንንሽ ወፎች በላንታናው እሾህ መካከል ይጠለላሉ፤ ባንዲኩቱም ከውሻና ከድመት የሚሸሸገው በዚያው ሥር ነው። አረሙ በአንድ ቀን ቢመነጠር እነዚህ ሁሉ ቤት አልባ ይሆናሉ። ነገር ግን በየጥቂቱ ተነቅሎ በምትኩ አገር በቀሉ ካደገ እንስሳቱ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ቀስ ብለው ይዛወራሉ። እንግዲህ ሦስተኛው ሕግ ለዕፅዋቱ ብቻ ሳይሆን ለእንስሳቱም ይበጃል።

ይህ ዘዴ ወሰን እንዳለውም መናገር ተገቢ ነው። በእጅ የማይነቀል ትልቅ የአረም ግንድ ያጋጥማል፤ ከኋላ የመጡ ባለሙያዎች ይህን ቈርጠው በጕቶው ላይ የአረም መድኃኒት ይቀባሉ። ደግሞም የአውስትራሊያ ግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ የሚነቃው ብዙ ጊዜ በእሳት ሙቀት ነው፤ ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ በጥንቃቄ የሚለኰስ እሳት ያስፈልጋል። ዘዴው ተሻሽሏል፤ ከደኅናው መጀመር የሚለው መሠረቱ ግን አልተናወጠም።

የሁለት ሰዎች ሥራም በሁለት ሰዎች አልቀረም። በ1970ዎቹ የኒው ሳውዝ ዌልስ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ዘዴውን ተቀብሎ ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ በሲድኒ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች አሠልጣኝና መሣሪያ ይሰጣሉ፤ የሰፈሩ ሰዎችም በወር አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ወጥተው ጥቂት ሰዓት ያርማሉ። በ1986 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ገበሬዎች መሬታቸውን በኅብረት የሚንከባከቡበት ላንድኬር የተባለ እንቅስቃሴ ተጀመረ። በ1989 ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲነቃቀፉ የኖሩት የገበሬዎች ማኅበርና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ተስማምተው ለመንግሥት ባቀረቡት ሐሳብ እንቅስቃሴው አገር አቀፍ ሆነ።

ሰ/ ለእኛስ?

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በመጀመሪያ የምናስታውሰው የጣናን እምቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በ2011 ከታወቀ ወዲህ ገበሬውም የከተማውም ወጣት ወገቡን ታጥቆ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ አጭዶታል። ድካሙ የሚደነቅ ነው። ይሁንና የእምቦጭ ዘር በጭቃው ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ፣ ከእርሻ የሚወርደው ማዳበሪያና ደለልም ስለሚመግበው፣ በዘመቻ የጸዳው ቦታ ተመልሶ ሲወረር ታይቷል። ታዲያ ጐድሎ የተገኘው ፍቅርም ጕልበትም አይደለም፤ በየጊዜው መመለስና የጸዳውን መጠበቅ ነው እንጂ።

ሁለተኛው ቅርባችን ያለው ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የጥንቱ ደን በአብዛኛው ጠፍቶ፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ተጠብቆ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተዋል። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከደቡብ ጎንደር ካህናትና ምእመናን ጋር በመመካከር በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ ከብት የሚከለክል የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬዎቹ ማሳ ስለሆነ እርሻውም ተጠቀመ። ከብት ባልገባበት ቦታ ቡቃያው ራሱን ቀና ያደርጋል። ይህም ከእኅትማማቾቹ ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ አዲስ ከመትከል በፊት ያለውን ደኅና መጠበቅ።

ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት እንግዲህ ሥራው እንዲህ ሊጀመር ይችላል። በመጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሽማግሌዎች ፈቃድ ይጠየቅ፤ የትኛው ዛፍ አገር በቀል፣ የትኛው መጤ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ቀጥሎ ቅጽሩን በዝግታ እየዞሩ በወረቀት ላይ ይሣሉት፤ በየትኛው ወይራ ወይም ጽድ ሥር ቡቃያ እንዳለ ምልክት ይደረግ። ሥራው ቡቃያ ካለበት ቦታ ይጀመር። የተነቀለበት መሬት በረገፈው ቅጠል ይሸፈን። እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለንጽሕና ብለን የዛፉን ሥር ሁሉ ጠርገን ቅጠሉን ስናቃጥል ቡቃያውንና የአፈሩን ልብስ አብረን እናጠፋለን። መንገዱና ዐውደ ምሕረቱ ይጠረግ፤ የዛፉ ሥር ግን ይተው። ከዚያም ጥቂት ሰዎች በተወሰነ ቀን፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ፣ ሳያቋርጡ ይመለሱ። በዓመት አንድ ቀን ከሚመጡ መቶ ሰዎች ይልቅ በየጊዜው የሚመለሱ አምስት ሰዎች ይሻላሉ።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል። በአገሩ አገር በቀል የሆነው፣ ብራድሊዎች ከላንታና ያዳኑት የዛፍ ወገን፣ በእኛ ቅጽር ከጽዱና ከወይራው መካከል ሲተከል ውኃና ብርሃን ይሻማቸዋል። ይህ ማለት ባሕር ዛፍ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ብዙ ቤተ ሰብ ያኖራል፤ በሌላ መሬት ተተክሎ የደኑን ዛፍ ከመቈረጥ ሊያድንም ይችላል። መጤነት በተክሉ ላይ የተጻፈ ኃጢአት አይደለም፤ ጥያቄው የት ቆመ፣ ማንንስ ተካ የሚለው ነው።

መደምደሚያ

ከመነሻችን የጠየቅነው የሰፈር ሰው ዱርን ሊያድን ይችላልን የሚል ነበር። የ13ቱ ሴቶች መልስ ይችላል፣ ብቻውን ግን አይደለም የሚል ነው። የሁለቱ እኅትማማቾች መልስ ደግሞ ይችላል፣ ነገር ግን ዱሩ በሚያድግበት ፍጥነት ብቻ የሚል ነው። ሁለቱ መልሶች እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ኅብረት ያለ ትዕግሥት የአንድ ቀን ሆይታ ሆኖ ይቀራል፤ ትዕግሥትም ያለ ኅብረት መሬቱ ሲሸጥ ሊያድነው አይችልም። “ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል”፤ ዱርም እንዲሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የከፋውን ቦታ ትቶ ከደኅናው መጀመር ለምን ይጠቅማል? ከዱር ሌላ ይህ ሕግ በየትኛው ሥራችን ይሠራል?
2. የሕንፃ ሠራተኞቹ ለመርዳት ከመስማማታቸው በፊት የሕዝብ ስብሰባ እንዲደረግ የፈለጉት ለምን ይመስላችኋል?
3. በደብራችን ቅጽር ውስጥ ቡቃያ ያለው በየትኞቹ ዛፎች ሥር ነው? በሚመጣው እሑድ ዞረን እንመልከትና ለሽማግሌዎቻችን እንንገር።